ሪሴት ከመጫንዎ በፊት፦ የዋይፋይና የፈርምዌር ችግር አፈታት

ዋይፋይ ሲያስቸግር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው መርፌ ነው። በራውተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ተጭኖ ሪሴት ያደርጋል። ካልሆነለት ደግሞ «ሶፍትዌሩ ተበላሽቷል፣ እንደ አዲስ ይጫን» የሚል ምክር ይከተላል። ሁለቱም በቦታቸው የሚጠቅሙ እርምጃዎች ናቸው፤ ግን ሁለቱም ያለውን ሊያጠፉ ይችላሉ። የኢትዮ ቴሌኮም የኤዲኤስኤል መስመር ባለበት ቤት ዋናው ራውተር ሪሴት ከተደረገ የመስመሩ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አብረው ይጠፋሉ። የተጻፉበት ወረቀት ከሌለ፣ ዋይፋዩ ብቻ ያስቸግር የነበረው ቤት አሁን በኬብልም ኢንተርኔት አያገኝም፤ 994 ደውሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ ከማይጎዳው እርምጃ እንጀምርና ወደሚጎዳው እንሂድ። ሪሴትና ፈርምዌር፣ ማለትም የመሣሪያው ውስጣዊ ሶፍትዌር፣ መጨረሻ ላይ ይመጣሉ።

መቋረጡ የት ላይ ነው?

ስልክዎ ኢንተርኔት እስኪያገኝ ድረስ ሦስት መገናኛዎች አሉ። አንዱ ከስልኩ እስከ አክሰስ ፖይንቱ፣ ማለትም ዋይፋዩን እስከሚያሰራጨው መሣሪያ፣ በአየር የሚሄደው ነው። ሁለተኛው ከአክሰስ ፖይንቱ እስከ ዋናው ራውተር ያለው ኬብል ነው። ሦስተኛው ከዋናው ራውተር ወደ ቴሌ የሚወጣው መስመር ነው። ከሦስቱ የትኛውም ቢቋረጥ በቤት ውስጥ የሚሰማው ቃል «ዋይፋይ የለም» የሚል ብቻ ነው፤ መፍትሔው ግን ለየቅል ነው። የተቋረጠውን ቦታ ሳያውቁ ምንም ነገር አይንኩ።

መጀመሪያ በሌላ ስልክ ይሞክሩ። ሌላው ስልክ በደንብ ከሠራ አክሰስ ፖይንቱን ይተዉትና ያስቸገረው ስልክ ላይ ኔትወርኩን አጥፍተው የይለፍ ቃሉን እንደገና ያስገቡ። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ይበቃል።

ሁሉም ስልክ እምቢ ካለ በኮምፒውተር ኬብል ከዋናው ራውተር ጋር በቀጥታ ይገናኙ። በኬብልም ኢንተርኔት ከሌለ አክሰስ ፖይንቱ ጥፋት የለበትም፤ ችግሩ ዋናው ራውተር ላይ ወይም ከእሱ ወደ ውጭ ነው። የፋይበር መስመር ከሆነ በፋይበሩ ሳጥን ላይ «ሎስ» የሚለው መብራት ቀይ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ። ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ወደ ሳጥኑ አልደረሰም ማለት ነውና በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥገና የለም። ቀጭኑን ገመድ ነቅለው ጫፉን በዓይንዎ እንዳያዩ፤ በውስጡ የሚመጣው ብርሃን ባይታይም ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

በኬብል የሚሠራ ሆኖ በዋይፋይ የማይሠራ ከሆነ በስልክዎ ሴቲንግ ውስጥ የተገናኙበትን ዋይፋይ ከፍተው አይፒ አድራሻውን ያንብቡ። በዊንዶውስ ኮምፒውተር ደግሞ የትእዛዝ መስኮቱን ከፍተው አይፒኮንፊግ የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። አድራሻው በ192.168 ከጀመረ በአብዛኛው ደህና ነው። በ169.254 ከጀመረ ግን ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው ስላጣ ለራሱ የፈጠረው ቁጥር ነው። ስልክ ላይ ይኸው ችግር «አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» እያለ የማያልቅ ዙር ሆኖ ይታያል። እንዲህ ከሆነ የይለፍ ቃሉ ተቀባይነት አግኝቷል፣ የአየሩም ግንኙነት ይሠራል፤ የተሰበረው ሁለተኛው መገናኛ ወይም አድራሻ የማደል ሥራው ነው።

አድራሻው ትክክል ከሆነ ፒንግ በሚለው ትእዛዝ መጀመሪያ የዋናውን ራውተር አድራሻ፣ ቀጥሎ 8.8.8.8ን ይጠይቁ። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ መስመሩ ነው። ሁለቱም መልሰው ድረ ገጾች ብቻ አልከፈት ካሉ የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ ነው፤ በሴቲንጉ ላይ 8.8.8.8 ወይም 1.1.1.1 ብለው ቢያስገቡ ወዲያው ይስተካከላል።

ኤሌክትሪኩንና ኬብሉን ያጣሩ

ከፈርምዌር ብልሽት ጋር እጅግ የሚመሳሰለው ችግር የደከመ አዳፕተር ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ሲል፣ መጀመሪያ የሚጎዳው ያ ግድግዳ ላይ የሚሰካው ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ሙሉ በሙሉ ላይሞት ይችላል። የመሣሪያው መብራቶች ይበራሉ፣ የዋይፋዩም ስም ይታያል፤ ማታ ላይ ሰው ሁሉ ቤት ገብቶ አምስት ስድስት ስልክ ሲገናኝ ግን መሣሪያው ብዙ ኃይል ይፈልጋል፣ አዳፕተሩ ይሸነፋል፣ መሣሪያው ጠፍቶ ይነሳል። ይህን ያየ ሰው ፈርምዌር ቢጭን ትርፉ ሁለተኛ ብልሽት ነው፤ በመጫን መካከል መሣሪያው ከጠፋ ፈርምዌሩ እውነትም ይበላሻል።

አዳፕተሩን ሲቀይሩ ከመሣሪያው ግርጌ የተጻፈውን ያንብቡ። 12 ቮልት 1 አምፒር የሚል ከሆነ ቮልቱ በትክክል 12 መሆን አለበት፤ አምፒሩ ከ1 ቢበልጥ አይጎዳም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። ከሌላ ራውተር የተረፈ የ9 ቮልት አዳፕተር ጫፉ ስለገባ ብቻ አይሰኩ። የጫፉ ውስጠኛና ውጨኛ ክፍል የትኛው ፖዘቲቭ እንደሆነ የሚያሳየው ትንሽ ሥዕልም በሁለቱ ላይ መመሳሰል አለበት።

ጣሪያ ላይ የሚሰቀሉት አክሰስ ፖይንቶች ኃይል የሚያገኙት በዚያው በኔትወርኩ ኬብል ነው፤ ፒኦኢ የሚባለው ይህ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። መደበኛው ፒኦኢ መሣሪያው የሚቀበል መሆኑን ጠይቆ ነው ኃይል የሚልከው። ፓሲቭ የሚባለው ግን ሳይጠይቅ፣ ብዙ ጊዜ 24 ቮልት፣ በቀጥታ ይለቃል። የሁለቱን ኢንጀክተር፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ኬብሉ የሚያስገባውን ሳጥን፣ አደባልቆ መሰካት መሣሪያውን እንዳይነሳ ሊያደርገው፣ አንዳንዴም ሊያቃጥለው ይችላል።

ኬብልን በተመለከተ አንድ ነገር ይያዙ። የመዳብ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ብቻ ነው የሚያደርሰው። በውስጡ ስምንት ሽቦዎች አሉ፤ ጊጋቢት ለማሳለፍ ስምንቱም ጤነኛ መሆን አለባቸው። ከስምንቱ አንዱ በኬብሉ ጫፍ ባለው መሰኪያ ላይ በደንብ ካልተጠረቀመ መሣሪያዎቹ ወደ 100 ሜጋቢት ዝቅ ይላሉ፣ ወይም ግንኙነቱ ይበራል ይጠፋል። ከመጠራጠር ይልቅ ጤነኛ መሆኑ የሚታወቅ አጭር ኬብል አምጥተው ይሞክሩ።

ሁለተኛ ራውተርን አክሰስ ፖይንት ማድረግ

አገራችን ውስጥ በጣም የሚያጋጥመው ጣጣ እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም ላድርገው። ሳሎን ያለው ዋይፋይ ጓዳ ወይም ሰርቪስ ቤት አልደርስ ሲል ሌላ ራውተር ይገዛል፣ በኬብል ይያያዛል፣ አንድ ሁለት ቀን ይሠራል። ከዚያ አንዱ ስልክ ይሠራል፣ ሌላው ተገናኝቻለሁ እያለ ኢንተርኔት ያጣል፤ በማግስቱ ደግሞ ተራው ይገለበጣል።

ምክንያቱ ሁለቱም ራውተሮች አድራሻ ማደላቸው ነው። አንድ ወረፋ ላይ ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ የተራ ቁጥር ቢያድሉ የሚፈጠረው ዓይነት ነገር ነው። ዲኤችሲፒ የሚባለው አዳይ በአንድ ቤት ኔትወርክ ውስጥ አንድ ብቻ መሆን አለበት። በዚህ ላይ ሁለቱም ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ አድራሻቸው 192.168.1.1 ከሆነ ስልኩ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር አያውቀውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አዲሱን ራውተር ከዋናው ጋር ሳያገናኙ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ በኬብል ያያይዙት። ግርጌው ላይ የተጻፈውን አድራሻ በብሮውዘር ከፍተው ይግቡ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ብዙ ራውተሮች «አክሰስ ፖይንት ሞድ» የሚል ምርጫ አላቸው፤ ካለው እሱን መርጠው ያስቀምጡ፣ የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ኬብሉን የት እንደሚሰኩም በዚያው ገጽ ይነግርዎታል።

ምርጫው ከሌለ በእጅ ይሠራል፣ ቅደም ተከተሉም ዋጋ አለው። መጀመሪያ የዋይፋዩን ስምና የይለፍ ቃል ያስተካክሉ። ቀጥሎ የላን (የቤት ውስጥ ኔትወርክ) አድራሻውን ይቀይሩ፤ ዋናው ራውተር 192.168.1.1 ከሆነ ይህኛው 192.168.1.2 ይሁን። ይህን ሲያስቀምጡ ግንኙነቱ ይቋረጣል፤ ኬብሉን ነቅለው መልሰው ይሰኩና በአዲሱ አድራሻ ይግቡ። መጨረሻ ላይ ዲኤችሲፒን ያጥፉ። ቀድመው ቢያጠፉት ኮምፒውተርዎ አድራሻ የሚሰጠው ያጣና ገጹ አልከፈት ይልዎታል። ዋናው ራውተር ላይ ደግሞ የሚታደሉት አድራሻዎች ከ192.168.1.100 እንዲጀምሩ ያድርጉ፤ 192.168.1.2 ለሌላ ስልክ እንዳይሰጥ ነው።

አሁን ኬብሉን ከዋናው ራውተር ላን ወደ አዲሱ ራውተር ላን ይሰኩ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለውና ለብቻው የተቀመጠው የዋን ቀዳዳ ባዶ ይቅር። ትክክል መሥራቱን ለማረጋገጥ ከአዲሱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝተው ጌትዌይ (የመውጫ በር) የሚለውን ያንብቡ፤ 192.168.1.1 መሆን አለበት።

አንድ ነገር ልጨምር። በሁለቱ ራውተሮች መካከል «ይፈጥናል» ተብሎ ሁለት ኬብል አይዘረጋም። መረጃው መውጫ አጥቶ ክብ ይዞራል፤ የሁሉም ቀዳዳ መብራት በአንድ ላይ በፍጥነት እያብለጨለጨ መላው ኔትወርክ ይቆማል። በቢሮ ውስጥ ሰው መሬት ላይ የወደቀ ኬብል አግኝቶ ባዶ ቀዳዳ ላይ ሲሰካው የሚፈጠረውም ይኸው ነው።

አየሩና የይለፍ ቃሉ

ስሙ እየታየ ፍጥነቱ የሚሞት ከሆነ የምልክቱን ጥንካሬ በስልክ መተግበሪያ ይለኩ። ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነው፤ ከ -67 ዲቢኤም የተሻለ ከሆነ ቪዲዮ ለመነጋገር ይበቃል፣ ወደ -80 ሲጠጋ መቆራረጥ ይጀምራል። ኮንክሪት፣ የብረት በርና ቆርቆሮ ሞገዱን ክፉኛ ያግዳሉ። አክሰስ ፖይንቱን ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ከብረት ቁም ሳጥን ላይ አንስቶ ከፍ ካለ ገላጣ ቦታ ማስቀመጥ ያለ ወጪ የሚገኝ ትልቅ መሻሻል ነው።

በኮንዶሚኒየምና በአፓርታማ ግን ዋናው ጠላት የጎረቤት ዋይፋይ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። ከሦስቱ ሰው ያልበዛበትን ይምረጡ፣ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ ያድርጉት። 40 ማድረግ ባዶ ሜዳ ላይ ያፈጥናል፤ በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ ግን የሁሉንም ያዘገያል። የሚቻል ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ይለፉ፤ ከ36 እስከ 48 ያሉት ቻናሎች ለጀማሪ የሚመቹ ናቸው። ከ52 እስከ 144 ባሉት ላይ መሣሪያው ራዳር መኖሩን ቢያንስ 60 ሴኮንድ ካዳመጠ በኋላ ነው የሚጀምረው። ራዳር ሰማሁ ካለም ቻናሉን ጥሎ ይወጣል። «5 ጊጋው ይጠፋና ይመጣል» የሚለው አቤቱታ አንዳንዴ ምንጩ ይኸው ነው።

የይለፍ ቃሉ ትክክል ሆኖ አሮጌ ስልክ ወይም ፕሪንተር አልገናኝ ካለ ደግሞ የጥበቃውን ዓይነት ይመልከቱ። ደብልዩፒኤ3 ብቻ ተብሎ የተዘጋ ከሆነ አሮጌው አይችለውም፤ ደብልዩፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር ያድርጉት። ቲኬአይፒ የሚለውን አይምረጡ፤ ጥበቃው ደካማ ነው፣ ፍጥነቱንም ወደ 54 ሜጋቢት ያወርደዋል። ለተመረጡ ስልኮች ብቻ በማክ አድራሻ (በእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር) የሚፈቅድ ኔትወርክ ካለዎት፣ ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለየ የፈጠራ ማክ እንደሚያሳዩ ያስታውሱ። በስልኩ ላይ ያንን ካላጠፉት የተመዘገበ ስልክ እንደ እንግዳ ይቆጠራል።

ፈርምዌር መቼና እንዴት?

እስከዚህ ያለው ሁሉ ተጣርቶ መሣሪያው ራሱን እያጠፋ የሚነሳ፣ ያስቀመጡለትን ሴቲንግ የሚረሳ ወይም የአስተዳደር ገጹ የማይከፈት ከሆነ አሁን ፈርምዌሩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ምንም ችግር ሳይኖርም ፈርምዌር የሚታደስበት ሌላ ምክንያት አለ፤ እሱም ደኅንነት ነው። በ2017 ማቲ ቫንሁፍ የተባለ የቤልጅየም ተመራማሪ በደብልዩፒኤ2 ላይ ክራክ የተባለውን ክፍተት አሳየ። በ2018 ደግሞ ቪፒኤን ፊልተር የተባለ ተንኮል አዘል ፕሮግራም ቢያንስ በ54 አገሮች ቢያንስ 500,000 የሚሆኑ ራውተሮችና ተመሳሳይ መሣሪያዎች ውስጥ ገብቶ ተገኘ፤ ማይክሮቲክ፣ ቲፒ ሊንክ፣ ሊንክሲስና ኔትጊር ከተጠቁት ውስጥ ነበሩ። በእነዚህ ቤቶች ዋይፋዩ እንደ ወትሮው ይሠራ ነበር፤ ባለቤቶቹ ምንም አላዩም። «እየሠራ ነው፣ ምን አስነካኝ» ማለት ለራውተር የማይሆነው ለዚህ ነው።

ቴሌ ያስገባው የፋይበር ሳጥን ግን ከዚህ ውጭ ነው። የእሱን ፈርምዌር አይንኩ፤ ከመስመሩ ጋር ተመዝግቦ የሚሠራ ስለሆነ የሰጭው ድርጅት ሥራ ነው። እዚህ የምንነጋገረው እርስዎ ገዝተው ስላስገቡት መሣሪያ ነው።

መሣሪያውን ገልብጠው የሞዴሉን ስም ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ያለውን የቨርዥን ቁጥር ይጻፉ። አንድ ዓይነት ስም፣ አንድ ዓይነት ቅርፅ ያላቸው ቪ1 እና ቪ2 በውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል፤ የአንዱ ፈርምዌር ለሌላው መርዝ ነው። ፋይሉን ከአምራቹ ገጽ ላይ ብቻ ያውርዱ። በቴሌግራም ቻናል የሚዘዋወር ፋይል፣ ስሙ ትክክል ቢመስል እንኳ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አይመሰክርለትም። አምራቹ ለክልል የተለየ ፋይል ካወጣ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ እንደሚባለው፣ የመሣሪያዎን ዓይነት ይምረጡ። የወረደው ፋይል የታሸገ ከሆነ ይፍቱት፤ ወደ መሣሪያው የሚገባው ብዙውን ጊዜ በቢን የሚያልቀው ፋይል ነው። አምራቹ ሻ-256 የሚባለውን ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ጎን ለጎን ካስቀመጠ ያወረዱትን ያስተያዩ፤ መስመር እየተቆራረጠ የወረደ ፋይል ጎደሎ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ በመሣሪያው ላይ ያሉትን ሴቲንጎች በፋይል ያስቀምጡ። ይህ ብቻ አይበቃም፤ የኢንተርኔት መግቢያውን፣ የዋይፋዩንና የላን ገጾቹን በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። አዲሱ ፈርምዌር የአሮጌውን የሴቲንግ ፋይል አልቀበልም የሚልበት ጊዜ አለና።

አሁን ኤሌክትሪኩ። ላፕቶፕዎ ባትሪ አለው፣ ራውተሩ ግን የለውም። ለራውተር ተብሎ የሚሸጠው አነስተኛ የ12 ቮልት ዩፒኤስ ከሌለዎት መብራት ሲሄድና ሲመጣ በዋለበት ቀን ይህን ሥራ አይጀምሩ። ነገ ፈተና ወይም አስቸኳይ ሥራ ያለው ሰው ቤት ውስጥ ካለም ያሳድሩት።

በኬብል ይገናኙ፤ በዋይፋይ ፈርምዌር አይጫንም። በአስተዳደር ገጹ ላይ ፋይሉን መርጠው ያስጀምሩና እጅዎን ያንሱ። አሮጌው ተፍቆ አዲሱ የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። ገጹ ነጭ ሆኖ ቢቀር፣ መብራቶቹ ሁሉ ቢጠፉ እንኳ እስከ አሥር ደቂቃ ድረስ ከሶኬቱ አይንቀሉ። ገጹን ማደስም አያስፈልግም። ከተነሳ በኋላ የቨርዥን ቁጥሩ መቀየሩን ያረጋግጡ። ጠባዩ እንግዳ ከሆነብዎ፣ ሪሴት የሚጠቅመው አሁን ነው፤ ሪሴት አድርገው ፎቶ ያነሱትን እያዩ በእጅ ያስገቡ።

መካከል ላይ ቢሞትስ?

መሣሪያው አንድ መብራት ብቻ እያብለጨለጨ፣ ወይም ሁሉም እየበሩና እየጠፉ ከቀረ አይጣሉት። መሣሪያውን የሚያስነሳው ቡትሎደር የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ከፈርምዌሩ የተለየ ቦታ ስለሚቀመጥ ብዙ ጊዜ በሕይወት ይተርፋል። ማዳኛውም እሱ ነው።

ኮምፒውተርዎ አድራሻ የሚያድልለት ስለሌለ ቋሚ አድራሻ በእጅ ይስጡት። መሣሪያውን አጥፍተው ሪሴቱን ተጭነው ሳይለቁ ያብሩት፤ አሥር ሴኮንድ ያህል ይቆዩ። በርካታ የቅርብ ጊዜ ሞዴሎች በዚህ ጊዜ በ192.168.0.1 ወይም በ192.168.1.1 ቀላል የማዳኛ ገጽ ይከፍታሉ፣ ፋይሉን በዚያ ያስገባሉ። በርከት ያሉ የቲፒ ሊንክ ሞዴሎች ግን ገጽ አይከፍቱም፤ ቲኤፍቲፒ በሚባል መንገድ ፋይሉን ራሳቸው ይፈልጋሉ። ኮምፒውተሩ 192.168.0.66 የሚል አድራሻ ይዞ፣ ለሞዴሉ የተወሰነውን የፋይል ስም አንዲት ፊደል ሳይስት እንዲያቀርብ ይጠብቃሉ። የዩቢኩቲ ዩኒፋይ አክሰስ ፖይንቶች ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ በ192.168.1.20 ላይ ቁጭ ብለው እርስዎ እንዲልኩላቸው ይጠብቃሉ። ማይክሮቲክ ኔትኢንስቶል የሚባል የራሱ ፕሮግራም አለው።

ሙከራው ካልሠራ ሁለት ነገር ያርሙ። የኮምፒውተሩ ፋየርዎል ጥያቄውን እያገደ ሊሆን ስለሚችል ለጊዜው ያጥፉት፣ ሲጨርሱ ይመልሱት። ሁለተኛ፣ መሣሪያው ሲበራ የኮምፒውተሩ የኬብል ቀዳዳ እስኪነቃ ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ፣ ቡትሎደሩም የሚጠብቀው ያንኑ ያህል ነው። በመካከል ትንሽ ስዊች ቢያስገቡ የኮምፒውተሩ ወገን ሁልጊዜ ንቁ ይሆናል።

ይህም ካልሆነ የቀረው መሣሪያውን ከፍቶ በሲሪያል ገመድ ከቺፑ ጋር መነጋገር ነው። ያ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ብዙዎቹ በ3.3 ቮልት ስለሚሠሩ የተሳሳተ ገመድ ሰሌዳውን ይገድለዋል።

ከዳነና ከታደሰ በኋላ የአስተዳደር ገጹን የይለፍ ቃል ከፋብሪካው ይቀይሩ፣ በቁልፍ ወይም በአጭር ቁጥር የሚያገናኘውን ደብልዩፒኤስን ያጥፉ፤ የስምንት አኃዝ መግቢያው ደካማ መሆኑ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ነው። ከውጭ ኢንተርኔት የሚገባበት የርቀት አስተዳደርም ይዘጋ። በመሣሪያው ግርጌ ፕላስተር ለጥፈው የፈርምዌሩን ቁጥርና ያደሱበትን ቀን ይጻፉ። የአምራቹ ገጽ ላይ ለሞዴልዎ የወጣው የመጨረሻ ፈርምዌር ዓመታት ካስቆጠረና ድጋፉ ማብቃቱ ከተነገረ፣ መሣሪያውን ከቴሌ መስመር ጋር በቀጥታ አያገናኙት። ከታደሰ ዋና ራውተር ጀርባ አክሰስ ፖይንት ሆኖ ጓዳውን ያገልግል፣ ለዋናው ቦታ አሁንም ፈርምዌር የሚወጣለትን ይግዙ።